ማሽኑን ለሠራተኛዋ ማስተካከል፦ በጋርመንት ላይን ላይ ወገብ፣ ትከሻና እጅ እንዳይጎዳ

ሐዋሳ፣ ቦሌ ለሚ ወይም ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የጋርመንት (የልብስ ስፌት) ሼዶች ወደ አንዱ ግቡና ላይኑን፣ ማለትም በተርታ የተደረደሩትን የስፌት ማሽኖች፣ ከጫፍ ቆማችሁ እዩት። ማሽኖቹ ሁሉ እኩል ቁመት አላቸው። ሠራተኞቹ ግን እኩል አይደሉም። አንዷ ረጅም ናት፤ ጎብጣ፣ አገጯን ደረቷ ላይ ደፍታ ትሰፋለች። አጠገቧ ያለችው አጭር ናት፤ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ፣ ክርኖቿን አየር ላይ አንጠልጥላ ትሰፋለች። ሺፍት ሲያልቅ ሁለቱም አንገታቸውን እያሹ ይወጣሉ። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ «ገና ስላልለመዱት ነው» ይላል።

አለመልመድ አይደለም። ጠረጴዛው ነው። ሰው ከማሽን ጋር አይለካካም፤ ማሽኑ ነው ከሰው ጋር መለካት ያለበት። ብዙዎቻችን ሕመሙን የሥራው ጠባይ አድርገን ተቀብለነዋል። ሐኪሞች ግን ነገሩን ካወቁት ቆይተዋል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ሲጽፍ፣ ልብስ ሰፊዎች በአቀማመጣቸው የተነሳ እግራቸው እንደሚደነዝዝና እንደሚያነክሱ አስፍሯል። ያን ጊዜ የልብስ ፋብሪካ የለም፣ ታርጌት (ሠርታችሁ አድርሱ የሚባል የምርት መጠን) የለም።

ይህ መመሪያ ለኦፕሬተሮች፣ ለሱፐርቫይዘሮች፣ ለመካኒኮችና ለደኅንነት ኃላፊዎች ነው። አብዛኛው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። የልብስ ሜትር፣ መፍቻ፣ ትንሽ ስፖንጅና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ፦ የት እንደሚያማቸው ጠይቁ

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የሰው አካል የፊትና የኋላ ምስል በወረቀት ላይ ሣሉ። ሥዕሉ ማማር የለበትም። አባዝታችሁ ለላይኑ ሠራተኞች በሙሉ ስጡና «ባለፈው አንድ ወር ያመማችሁን ቦታ በእስክሪፕቶ አጥቁሩት» በሏቸው። ስም አይጻፍ። የሚጻፈው የሥራው ዓይነት ብቻ ነው፦ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ ስፌት)፣ ትሪሚንግ (ትርፍ ክር መቁረጥ)፣ ተኩስ።

ስም አለመጻፉ ዋና ነገር ነው። «አመመኝ» ያለች ሠራተኛ ሰነፍ እንዳትባል ወይም ከሥራ እንዳትቀነስ ትፈራለችና። በቃል ብትጠይቋት «ደህና ነኝ፣ ምንም አይል» ትላለች። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም ትከሻዎች ጠቁረው ይመጣሉ።

ወረቀቶቹን በየሥራው ለዩአቸው። ኮሌታ የሚሰፉት ሁሉ አንገት ላይ ካጠቆሩ ችግሩ ያለው እዚያ ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ከትሪሚንግ የመጡት የአውራ ጣት ሥር ካጠቆሩ መቀሱን እዩ። የላይኑ ግማሽ የቀኝ ወገብ ካጠቆረ ደግሞ ባንድሉ (ለስፌት የመጣው የጨርቅ ቁራጭ እስር) የት እንደተቀመጠ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ ምናልባት ሁሉም ወደ አንድ ጎን እየዞሩ ከመሬት ያነሱ ይሆናል። ወረቀቶቹን አትጣሏቸው። ከማስተካከያው በኋላ ሌላ ዙር ስታስሞሉ ታመሳክሯቸዋላችሁ።

ሁለተኛ፦ ጠረጴዛው

ብዙ ሕመም የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ሠራተኛዋ ወንበሯ ላይ ትቀመጥ። ሁለቱም እግሮቿ ወለሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ይረፉ። ትከሻዋን ትልቀቀው። ክንዷ በጎኗ ተንጠልጥሎ ክርኗን ብቻ ትጠፍ። አሁን ከወለሉ እስከ ክርኗ ሥር በሜትር ለኩ። ቀጥሎ ከወለሉ እስከ ጠረጴዛው ገጽ ለኩ። ለስፌት ሥራ ጠረጴዛው ከክርን ከ5 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል ይመረጣል። ከዚያ በላይ ከሆነ ትከሻ ይሰቀላል። ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ መርፌውን ለማየት አንገት ይደፋል። የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ወደ ፊት በተደፋ ቁጥር ያን ሁሉ ክብደት ይዞ የሚውለው የአንገት ጡንቻ ነው።

ለምን ከክርን ከፍ አለ የምትሉ ትኖራላችሁ። ለጽሕፈት ሥራ ከክርን ጋር እኩል የሆነ ጠረጴዛ ጥሩ ነው። ስፌት ግን የዓይን ሥራ ነው። መርፌው ወደ ዓይን ካልቀረበ ዓይን ወደ መርፌው ይወርዳል፤ ዓይን ሲወርድ አንገትና ጀርባ ይከተላሉ።

ቁመቱን የሚያስተካክለው መካኒኩ ነው። የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽን መቆሚያው በሁለቱም ጎን እግሩ ላይ ብሎን አለው። ብሎኑ ሲላላ እግሩ እንደ ቱቦ አንዱ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ማሽኑን አጥፉና ሶኬቱን ንቀሉ። የማሽኑ ራስ ከባድ ስለሆነ ሁለት ሰው ጠረጴዛውን በግራና በቀኝ ይያዝ። ብሎኖቹን አላሉ፣ ግን አታውጧቸው። ሁለቱንም ጎን እኩል አንሱ ወይም ዝቅ አድርጉና አጥብቁ። ከዚያ ጠረጴዛውን በእጃችሁ ነቅንቁት፤ ከተወዛወዘ አንዱ ጎን አልጠበቀም። የተወዛወዘ ጠረጴዛ ንዝረቱን በቀጥታ ወደ እጅ ይሰዳል። ሞተሩ ከጠረጴዛው ሥር ስለታሰረ ቀበቶው አይነካም። የፔዳሉ ዘንግ ግን ከአዲሱ ቁመት ጋር ማጠር ወይም መርዘም አለበት። ብዙ መካኒክ ይህችን ይረሳታል። ዘንጉ ሳይስተካከል ሲቀር ፔዳሉ ወደ ላይ ይንጋደድና ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ የእግሯን ጣቶች ወደ ላይ ሰቅላ ትውላለች።

አንድ እንቅፋት አለ። ከጠረጴዛው ሥር የዘይት ሳህኑ ይንጠለጠላል። ጠረጴዛው በጣም ዝቅ ካለ ሳህኑ ጭኗን ይነካል። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛዋ ወደ ኋላ ትሸሻለች፤ ከዚያ መርፌው ላይ ለመድረስ ትጎብጣለች። ስለዚህ ካስተካከላችሁ በኋላ ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ፤ በጭንና በሳህኑ መካከል መዳፍ በጎኑ ማለፍ አለበት።

በሁለት ሺፍት የሚሠራ ፋብሪካ ላይ «ጠዋት ለአንዷ፣ ማታ ለሌላዋ ማን ያስተካክላል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ትክክል ነው። በየቀኑ ብሎን መፍታት አይቻልም። መፍትሔው ምደባ ላይ ነው፦ በአንድ ማሽን ላይ በሁለቱ ሺፍት የሚቀመጡት ሴቶች ቁመታቸው የተቀራረበ ይሁን። የመቆሚያው እግር ላይም የተለካውን ቁመት በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ማሽኑ ለጥገና ወጥቶ ሲመለስ መካኒኩ ከምልክቱ ጋር ያገናኘዋል።

አንዳንድ ቦታ ጠረጴዛውን ወደ ሠራተኛዋ ትንሽ ያጋድሉታል፤ 10 ዲግሪ ያህል ሲያጋድል አንገት ይቀናል። ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን ከኋላ እግሮች ሥር እንጨት እያስገቡ በራስ ፈቃድ መሞከር አይገባም። ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ እንጨቱ ሊያመልጥ ይችላል፣ ዘይቱም ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ከመካኒኩ ጋር ተማክራችሁ አድርጉት።

እህቶቼ፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። መካኒኩ የሚመጣው ማሽን ሲበላሽ ብቻ የሚመስላችሁ አላችሁ። አይደለም። «ጋሼ፣ ይቺን ጠረጴዛ ትንሽ ዝቅ ታደርግልኛለህ? ትከሻዬን እየጨመደደኝ ነው» ማለት መብታችሁ ነው። ቁጥር ይዛችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ ይበልጥ ትሰማላችሁ፦ «ከክርኔ 22 ሴንቲሜትር ከፍ ብሏል» በሉት።

ሦስተኛ፦ ወንበሩ

እዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ እናገራለሁ። መደገፊያ የሌለው ጠንካራ የእንጨት ዱካ ላይ ሰውን 8 ሰዓት ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ርካሽ ነው፣ ግን ዋጋው ከሠራተኛዋ ወገብ ይከፈላል።

ወንበር ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል ማስረጃ አለ። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከ270 በላይ በሚሆኑ ስፌት ሠራተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። ለአንዳንዶቹ ቁመቱ የሚስተካከልና መቀመጫው ከፊት ወደ ታች የጎበጠ ወንበር ሰጧቸው። የሌሎቹ መቀመጫ ዝርግ ነበር። የቀሩት ደግሞ የእግር ማሳረፊያና የመብራት ዓይነት ጥቃቅን ዕቃ ብቻ አገኙ። ሠራተኞቹን ለአራት ወር ሲከታተሏቸው የአንገትና የትከሻ ሕመም ጎልቶ የቀነሰው የጎበጠ መቀመጫ ባገኙት ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰፊ ወደ ፊት ተጠግቶ ነው የሚሠራው። የመቀመጫው የፊት ጠርዝ ሲጎብጥ ዳሌ ወደ ፊት ያጋድላል፣ ወገብ ይቀናል፣ የጭን ሥር አይታነቅም።

አዲስ ወንበር መግዛት ካልተቻለ ያለውን አሻሽሉ። ከከቲንግ (ጨርቅ መቁረጫ) ክፍል የሚጣለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ወፈር አድርጋችሁ መቀመጫው ላይ አስሩ። የፊት ጠርዙ ስለት ከሆነ አናጺ ይላገው፣ ያድቦልቡለው። ከኋላ የወገቡን ጎድጎድ የምትደግፍ አግዳሚ እንጨት ይምታላችሁ፤ እስከ ትከሻ መድረስ የለባትም። እግሮቹ እኩል ወለል መርገጣቸውንም አረጋግጡ። ውዝዋዜ ያለው ዱካ ላይ የተቀመጠች ሠራተኛ ሳታውቀው ቀኑን ሙሉ ሚዛኗን በወገቧ ትጠብቃለች።

የወንበሩ ቁመት የሚወሰነው በእግር ነው። ጉልበት ከቀጥታ ማዕዘን ትንሽ ከፈት ይበል፣ ተረከዝ ይረፍ። አጭር ሠራተኛ ወንበሯ ከፍ ብሎ እግሯ ከተንጠለጠለ የጭኗ ሥር ይታነቅና እግሯ ይደነዝዛል። እንዲህ ከሆነ ወንበሩን አሳጥሩ፤ ካልተቻለ ፔዳሉን ከፍ አድርጉ።

አራተኛ፦ ፔዳሉ

ፔዳሉ ከመርፌው ጋር በአንድ መስመር ይሁን። ወደ ጎን ሸሽቶ ከሆነ የላይኛው አካል ወደ መርፌው፣ የታችኛው ወደ ፔዳሉ እየሄደ ወገብ ተጠምዞ ይውላል። ሁለቱም እግሮች ፔዳሉ ላይ መቀመጥ አለባቸው። በአንድ እግር ብቻ የምትረግጥ ሠራተኛ ክብደቷን በአንድ ዳሌ ላይ ትጥላለች። የማሽኑን እግር በጉልበት ገፍቶ የሚያነሳው የጉልበት ማንሻም እንዲሁ ነው፤ ጉልበት ጥቂት ወደ ቀኝ ገፋ ሲል መድረስ አለበት።

አምስተኛ፦ ባንድሉ የት ይቀመጥ?

ብዙ ላይን ላይ ያልተሰፋው ከግራ መሬት ላይ ባለ ቅርጫት ነው፣ የተሰፋው ደግሞ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ኋላ ይወረወራል። አስቡት፦ በሰዓት 60 ቁራጭ የምትሰፋ ሴት በ8 ሰዓት 480 ጊዜ ወደ መሬት ትጎነበሳለች፣ 480 ጊዜም ወገቧን ትጠመዝዛለች። ይህ የስፌት ሥራ አይደለም፤ የዕቃ ማንሳት ሥራ ነው የሆነው።

ባንድሉን ወደ ጠረጴዛው ቁመት አምጡት። ከማሽኑ በግራ በኩል የጎን ጠረጴዛ አስጠጉ፤ ካልተገኘ ካርቶን ደራርባችሁ በጠንካራ ፕላስተር እሰሩትና ቅርጫቱን እላዩ ላይ አድርጉ። ክርን ከጎን ሳይርቅ እጅ የሚደርስበት ክልል ውስጥ ይሁን፤ ይህ ለአብዛኛው ሰው ከ35 እስከ 45 ሴንቲሜትር ነው። የተሰፋው በተቻለ መጠን በራሱ እየተንሸራተተ ወደ ቀጣዩ ሰው የሚወርድበት ዝንባሌ ያለው ሰሌዳ ይሠራለት። እንዲህ ያለው ለውጥ ምርቱንም ያፋጥናል። ሱፐርቫይዘር ላይ የሚሠራ ክርክር ካስፈለጋችሁ ይህን አንሱ፤ ለመጎንበስ የሚጠፋው ጊዜ ከታርጌቱ ነው የሚቀነሰው።

መብራቱንም በዚሁ እዩ። ለስፌት ሥራ በአውሮፓ መስፈርት 750 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይጠየቃል። በስልክ ላይ የሚጫን የብርሃን መለኪያ አፕ ለግምት ያህል ይረዳል፤ ስልኩን መርፌው አጠገብ ሰሌዳው ላይ አስቀምጡት። ከጣሪያው የሚመጣው ካነሰ መርፌው አጠገብ የሚለጠፍ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ይግባ። ዓይን ውስጥ እንዳይገባ አቅጣጫው ወደ ታች ይሁን። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የሚሰፋበት ላይን ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ብርሃን ይፈልጋል። ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት የምትቸገር፣ ጨርቁን ወደ ፊቷ የምታስጠጋ ሠራተኛ ካለች ዓይኗን ትታይ። መነጽር ማድረግ አንገትንም ያድናል።

ስድስተኛ፦ የቆሙትና የሚሸከሙት

ተኩስ፣ ኪውሲ (የጥራት ቁጥጥር) እና ፊኒሺንግ (ማጠናቀቂያ) ላይ ያሉት ቆመው ይውላሉ። ለቆመ ሰው ቀላል ሥራ ከሆነ ጠረጴዛው ከክርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል፤ ኃይል የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይበል። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አታቁሟቸው፤ ወፍራም ጎማ ወይም የተደራረበ ምንጣፍ ከእግራቸው ሥር ይነጠፍ፣ ጠርዙ ግን እንዳያደናቅፍ ይለጠፍ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍታ ያላት እንጨት እግራቸው አጠገብ ትቀመጥ፤ አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ እግራቸውን እያሳረፉባት ወገባቸው ይተነፍሳል። ካውያው በስፕሪንግ ከላይ ቢንጠለጠል እጅ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል።

ትሪሚንግ ላይ ያሉትን አትርሷቸው። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ማንም አያያቸውም፤ ግን በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ መቀስ ይጨብጣሉ። የደነዘ መቀስ ይበልጥ ኃይል ይጠይቃል። መቀሱ በየጊዜው ይሳል፣ በራሱ የሚከፈት ስፕሪንግ ያለው ይሁን፣ እጅ የሚነካው መያዣው በጨርቅ ይጠቅለል። አንድ ሰው ትሪሚንግ ላይ ሙሉ ቀን አይዋል።

ጨርቅ የሚያወጡት ወንድሞች ጉዳይ አጭር ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ያወጣው ቀመር ሁሉ ነገር ተመቻችቶ እንኳን፣ ዕቃው ወደ ሰውነት ተጠግቶ፣ ሳይዞሩ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ሲነሳ፣ ከ23 ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። አንድ የጨርቅ ጥቅል ከዚህ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰው ያንሳው ወይም በጋሪ ይሂድ። ጥቅሎቹ ወለል ላይ ሳይሆን በጉልበትና በወገብ መካከል ባለ መደርደሪያ ላይ ይከማቹ። ስታነሱ አትዙሩ፤ መጀመሪያ አንሱ፣ ከዚያ በእግራችሁ ዙሩ።

ሰባተኛ፦ እረፍት

የቱንም ያህል ጥሩ ወንበር ቢቀርብ ሰው ሳይንቀሳቀስ ከዋለ ይታመማል። ሱፐርቫይዘሮች የሚፈሩት እዚህ ነው፦ «እረፍት ከሰጠሁ ታርጌቱ ይወርዳል።» ያው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። በኮምፒውተር መረጃ የሚያስገቡ ሠራተኞች ከተለመደው እረፍት በላይ በቀን አራት የ5 ደቂቃ እረፍት ተጨመረላቸው። የአካል ሕመማቸውና የዓይን ድካማቸው ቀነሰ፤ የሠሩት ሥራ መጠን ግን አልቀነሰም። በ20 ደቂቃ ያነሰ ሰዓት ያንኑ ያህል ሠሩ። ሥራው ስፌት ባይሆንም እጅና ዓይን ያለ ፋታ የሚሠሩበት ነውና ለእኛም ይናገራል።

አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመጣ እረፍት ከአንድ ረጅም እረፍት ይሻላል። ባንድል በተቀየረ ቁጥር ግማሽ ደቂቃ ውሰዱ። ያችን ግማሽ ደቂቃ ስልክ ላይ አጎንብሳችሁ አታሳልፏት። እንዲህ አድርጉ፦

ትከሻችሁን ወደ ጆሮ ሰቅላችሁ አምስት ቁጠሩ፣ ከዚያ በአንዴ ልቀቁት። ሦስት ጊዜ ይበቃል።

አገጫችሁን ወደ ኋላ ሳቡት፤ ቀና ብላችሁ፣ ወደ ታች ሳትደፉ። የአንገት ጀርባ ሲሳብ ይታወቃችኋል።

አንድ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ በሌላው እጅ ጣቶቹን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ከዚያ መዳፉን ወደ ታች አጥፉ። እጅ ቀይሩ።

ተነሡ። ሁለት እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል በሉ። ለምን መሰላችሁ፦ ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ስለጎበጣችሁ ነው።

ዓይናችሁን ከመርፌው አንሥታችሁ የሼዱን ሩቅ ግድግዳ እዩ።

የሚያም ከሆነ አቁሙ። መሳብ እንጂ ማሳመም አይደለም።

የሥራ መቀያየርም እረፍት ነው፤ ግን በትክክል ከተሠራ ብቻ። ከኮሌታ ወደ እጅጌ መዛወር መቀያየር አይደለም። ያው ወንበር፣ ያው አንገት፣ ያው ጣት ነው። ከተቀመጠ ሥራ ወደ ቆመ ሥራ፣ ከጣት ሥራ ወደ እግር ሥራ ሲሆን ነው የደከመው ጡንቻ የሚያርፈው።

ውኃና ሽንት ቤት

ከመመሪያው ጋር ባይገናኝም ማለፍ አልችልም፤ ደግሞም ይገናኛል። ሽንት ቤት ለመሄድ ካርድ የሚጠየቅባቸው ላይኖች አሉ፤ ለሠላሳ ሰው አንድ ካርድ። ተራው ስለማይደርሳቸው ሴቶቹ ውኃ አይጠጡም። ውኃ አለመጠጣትና ሽንት መቋጠር ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ለራስ ምታት፣ ለድካም ይዳርጋል። ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡም ብዙ ናቸው፤ ረፋድ ላይ ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ «ምን ነካት?» ይባላል። ሱፐርቫይዘሮች፣ እባካችሁ፣ ካርዱን አንሡት። ስትቀመጥ ወንበሯን ያስተካከላችሁላት ሴት ሽንቷን ይዛ እየተቁነጠነጠች ከሆነ ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

መቼ ወደ ሐኪም?

ሺፍት ሲያልቅ የሚመጣና አድሮ የሚጠፋ ድካም ያው ድካም ነው። ጠዋት ስትነሡም ካለ፣ እሑድ አርፋችሁም ካልለቀቀ፣ ችላ አትበሉት።

አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መካከለኛው ጣት ሌሊት እየደነዘዙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሷችሁ ከሆነ፣ እጃችሁን ስታራግፉ የሚሻላችሁ ከሆነ፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ታፍኖ ይሆናል። ቶሎ ከተያዘ በእረፍትና በሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ በሚይዝ ማሰሪያ ሊሻል ይችላል። ከቆየ ግን የአውራ ጣት ጡንቻ ይከሳል፣ መጨበጥ ያቅታል። የአውራ ጣት ሥር ካበጠና ጨርቅ ስትቆነጥጡ ከወጋችሁ ደግሞ ጅማቱ ተቆጥቷል።

«ጅማት ዞሮብሽ ነው» ተብሎ ወጌሻ ጋ መሄድ የተለመደ ነው። ወለምታ የሚያቃኑ ጥሩ ወጌሾች አሉ፤ አላጣጥላቸውም። የደነዘዘ እጅን ግን መጎተትና መጠምዘዝ ነርቩን ይበልጥ ይጎዳል። ይህን ለጤና ጣቢያ ተዉት። የወገብ ሕመም ወደ እግር ወርዶ እግር ከዛለ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ «እጄን ያመኛል» ብላችሁ አታቁሙ። የምትሠሩትን ንገሩት፦ ምን እንደምትሰፉ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ኦቨርታይም አለ ወይ፣ ከጀመራችሁ ስንት ወር ሆናችሁ። ያ ካርድ ላይ መጻፉ በኋላ ከሥራ የመጣ ሕመም መሆኑን ለማስረዳት ይጠቅማል።

ሕጉ የሚላችሁ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕመምን ለመከላከል የሚረዱ ነገሮች አሉት። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ደግሞ ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት አለ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ኦቨርታይም አትታዘዝም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም አትሠራም። ሥራው ለእርሷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወራለች። ሆዷ በገፋ ቁጥር ከማሽኑ ስለምትርቅና እጇን ስለምትዘረጋ፣ ቦታዋን በየወሩ እንደገና ለኩላት። በሕመም የቀረ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ካቀረበ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል።

አሠሪው የሥራ ቦታውን ለጤና የማያሰጋ የማድረግ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ጠረጴዛ ይስተካከልልኝ ማለት ልመና አይደለም። መጀመሪያ ለሱፐርቫይዘር በቃል ተናገሩ። ሳምንት ካለፈው በጽሑፍ አድርጉት፤ ለደኅንነት ኮሚቴው ወይም ለሠራተኛ ማኅበሩም ግልባጭ ስጡ። እነርሱም ዝም ካሉ ለክልሉ ወይም ለከተማው የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማመልከት ይቻላል።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። የላይን ቁጥር፣ የማሽን ቁጥር፣ የክርናችሁ ቁመት፣ የጠረጴዛው ቁመት፣ የት እንደሚያማችሁ፣ ለማን በስንት ቀን እንደተናገራችሁ። ቀንና ፊርማ አኑሩበት። ከመስጠታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ የተቀበለውም ሰው ግልባጩ ላይ ይፈርምላችሁ።